ጫማ የለሹ ጆ ጃክሰንና የክብር አዳራሹ ደጅ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ከአንድ ሐይቅ ዳር የተቈረቈረች ኩፐርስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከተማይቱ በንግድም ሆነ በኢንዱስትሪ ይህን ያህል ስም የላትም። ሆኖም በየዓመቱ አያሌ አሜሪካውያን ልጆቻቸውን አስከትለው ወደዚያ ይጐርፋሉ፤ ምክንያቱም የቤዝቦል ጨዋታ የክብር አዳራሽ የሚገኘው በዚያ ነው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ምስሉ በነሐስ ተቀርጾ የተሰቀለለት ተጫዋች ከሞተ በኋላ እንኳ ስሙ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር ይኖራል።

ታዲያ ለዚህ ክብር የሚበቃው ምን ዓይነት ሰው ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የመጀመሪያው ምርጫ ከተደረገበት ከ1936 ጀምሮ አሜሪካውያንን ሲያከራክር ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ክርክሩንም ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያቀጣጠለው፣ በዚያ ግድግዳ ላይ ምስሉ የተሰቀለለት ሰው ሳይሆን ሳይሰቀልለት የቀረ አንድ ሰው ነው። ስሙ ጆ ጃክሰን ይባላል።

የሕይወቱን ታሪክ ከማውራታችን በፊት አንባቢው ስለ ደንቡ ጥቂት ቢያውቅ ይጠቅመዋል። አንድ ተጫዋች ለምርጫ የሚቀርበው በትልልቆቹ ሊጎች ቢያንስ 10 ዓመት ከተጫወተና መጫወቱን ካቆመ 5 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። መራጮቹ ቤዝቦልን 10 ዓመት ያህል ሲዘግቡ የቈዩ ጋዜጠኞች ናቸው። ከመቶው 75 እጅ ድምፅ ያላገኘ ወደ አዳራሹ አይገባም። በ1936 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ የተመረጡት 5 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ታይ ኮብ፣ ቤብ ሩት፣ ሆነስ ዋግነር፣ ክሪስቲ ማቲውሰንና ዋልተር ጆንሰን ናቸው። ከ226 መራጮች ኮብ 222 ድምፅ ሲያገኝ፣ ሩት 215 አገኘ። በአሜሪካ ምድር ስሙን የማያውቅ ሕፃን ያልነበረው ያ ቤብ ሩት እንኳ በ11 መራጮች ዘንድ ሳይመረጥ ቀርቷል ማለት ነው።

መራጮቹ በተለምዶ የሚይዟቸው መለኪያዎች አሉ። 3,000 የተሳካ ምት የመታ፣ 500 ጊዜ ኳሷን ከአጥር ወዲያ ያሻገረ፣ ወይም በወርዋሪነት 300 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው በሩ እንደሚከፈትለት ብዙ ጊዜ ይታመናል። ነገር ግን ደንቡ የሚያዘው ቍጥር እንዲቈጠር ብቻ አይደለም። የተጫዋቹ ችሎታና ለቡድኑ ያበረከተው አገልግሎት ከሐቀኝነቱ፣ ከስፖርታዊ ጨዋነቱና ከጠባዩ ጋር አብሮ እንዲመዘን ያስገድዳል። ቍጥርን ማንም የሒሳብ ተማሪ ይቈጥረዋል። ጠባይ የሚመዘንበት ሚዛን ግን በየትኛው ገበያ እንደሚሸጥ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ጆሴፍ ጀፈርሰን ጃክሰን በሐምሌ ወር 1887 በሳውዝ ካሮላይና ክፍለ ግዛት፣ ፒክንስ በሚባል አውራጃ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ልጆቹን ለማሳደግ መሬቱም ጕልበቱም ስላልበቃው ቤተ ሰቡን ይዞ ግሪንቪል ወደምትባል ከተማ ሄደና በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የነበሩት ፋብሪካዎች ሕፃናትንም ያሠሩ ነበርና ትንሹ ጆ 6 ወይም 7 ዓመት ሲሆነው መጥረጊያ ይዞ ከፋብሪካው ወለል ላይ የጥጥ ብናኝ መጥረግ ጀመረ። እኩዮቹ ፊደል ሲቈጥሩ እርሱ የማሽን ድምፅ ሲሰማ ዋለ። በዚህም የተነሣ እስኪሞት ድረስ ማንበብም መጻፍም አልተማረም። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ እንዲያኖረው እለምናለሁ፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱ የቤዝቦል ቡድን ነበረው። ሠራተኛው ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ሰንብቶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚደሰተው በዚህ ጨዋታ ነበር። ጆ በ13 ዓመቱ ከጐልማሶቹ ጋር እንዲጫወት ተመረጠ። ክንዱ ረዥም፣ ውርወራው ብርቱ፣ አመታቱም እንደ ልዩ ፍጥረት የሚታይ ነበር። በግሪንቪል አንድ ሰው በእጁ የሠራለትን ከባድ ዱላ በትምባሆ ጭማቂ አጥቍሮ ጥቁር ቤትሲ የሚል ስም አወጣለት። ይህ ዱላ ከባለቤቱ ሞት በኋላ በ2001 በሐራጅ ሲሸጥ ከ577 ሺህ ዶላር በላይ አውጥቷል። ጆ በፋብሪካው ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ቢሠራ የዚህን እሩቡን እንኳ ባላገኘ ነበር።

ጫማ የለሽ የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በ1908 ነው። አዲስ የገዛው የመጫወቻ ጫማ እግሩን ልጦት ስለ ነበረ አውልቆ በካልሲ ብቻ ወደ ሜዳ ገባ። ኳሷን በኃይል መትቶ ሲሮጥ ከተመልካቹ መካከል አንዱ ያለ ጫማ መሆኑን አይቶ ጮኸበት፤ ጋዜጠኞችም ይህንኑ ስም ይዘው አስቀሩት። ጆ ያለ ጫማ የተጫወተው ያን አንድ ቀን ብቻ ነበር። ስሙን ግን አይወደውም ነበር ይባላል፤ የድኽነቱንና ያለመማሩን ነገር በየዕለቱ የሚያስታውስ ስም ነውና አይፈረድበትም። በዚሁ ዓመት ኬቲ ዊን የምትባለውን የአገሩን ልጅ አገባ። ኬቲ ማንበብና መጻፍ ስለምትችል ደብዳቤውን የምትጽፍለት፣ ውሉን የምታነብለት እርሷ ሆነች።

በዚያው ዓመት በፔንሲልቫንያ የሚገኘው የፊላደልፊያ ቡድን ጆን ገዝቶ ወደ ትልቁ ሊግ አመጣው። ነገር ግን የገጠሩ ልጅ ከታላቁ ከተማ ጋር ሊስማማ አልቻለም። የቡድኑ ጓደኞች በአነጋገሩና ባለመማሩ ያፌዙበት ነበር። በምግብ ቤት የምግቡን ዝርዝር ሲሰጡት ያነበበ መስሎ ይቈይና ሌላው ያዘዘውን ሰምቶ ያንኑ ያዝዝ ነበር ይባላል። አገሩ ሲናፍቀው ሳያስፈቅድ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ግሪንቪል የተመለሰበት ጊዜ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የተሰለፈው በ10 ጨዋታ ብቻ ነው። አሠልጣኙ ኮኒ ማክ ተስፋ ቈርጠው በ1910 ወደ ክሊቭላንድ አሳለፉት።

ክሊቭላንድ ተስማማችው። በዚያ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓመት በተጫወተበት በ1911 ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ይወሳል። ቤዝቦልን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ወርዋሪው በሙሉ ኃይሉ የሚወረውራትን ትንሽ ኳስ መቺው በዱላ መትቶ እስከ መጀመሪያው መቆሚያ ድረስ በደኅና ከደረሰ ምቱ ተሳካ ይባላል። ከ10 ሙከራ 3 ጊዜ የተሳካለት ሰው ስመ ጥር መቺ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ከ10 ደብዳቤ 7ቱን አበላሽቶ የሚጽፍ ጸሓፊ ቢኖር ወሩን ሳይጨርስ ይባረር ነበር፤ በቤዝቦል ግን እንዲህ ያለው ሰው ሐውልት ይቆምለታል። ነገሩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ጆ በዚያ ዓመት ከ1,000 ሙከራ 408 ጊዜ በሚሆን መጠን ተሳካለት። 233 የተሳካ ምትም መታ።

በማንኛውም ሌላ ዘመን ይህ ውጤት አንደኛ ያደርገው ነበር። ዕድሉ ሆኖ ያ ዘመን የታይ ኮብ ዘመን ነበረና ኮብ 420 አስመዘገበ። በ1912 ጆ 395 ሲያገኝ ኮብ 409 አገኘ። በ1913ም ጆ 373 መትቶ እንደ ገና ከኮብ በታች ሁለተኛ ሆነ። ጆ በመምታት መጠን የሊጉ አንደኛ ሳይባል ኖሮ አለፈ። ይሁን እንጂ ሌሎች መቺዎች ቆመው የሚመለከቱት የእርሱን አመታት ነበር። ቤብ ሩት ራሱ በልጅነቱ አመታቱን የቀዳው ከጆ ጃክሰን መሆኑን ሳይደብቅ ተናግሯል።

በ1915 በነሐሴ ወር ክሊቭላንድ ገንዘብ ስለ ቸገረው ጆን በ31,500 ዶላርና በ3 ተጫዋቾች ለውጦ ለቺካጎው ኋይት ሶክስ ሸጠው። የዚህ ቡድን ባለቤት ሚስተር ቻርልስ ኮሚስኪ ነበሩ። በ1917 ቡድኑ የኒውዮርኩን ጃያንትስ 4 ለ 2 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮና የሚሉትን ዋንጫ ወሰደ። በ1918 አሜሪካ በጦርነት ላይ ሳለች ጆ ወደ ጦር ሜዳ በመሄድ ፈንታ በመርከብ መሥሪያ ተቀጥሮ ስለ ሠራ ጋዜጦቹ ክፉኛ ነቀፉት። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ወደ ቡድኑ ተመለሰ።

የ1919 ኋይት ሶክስ በዘመኑ ከነበሩት ቡድኖች ሁሉ የበረታ ነበር። በውስጡ ግን ሰላም አልነበረውም። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ወገን ሌላውን አያነጋግርም ነበር። ሚስተር ኮሚስኪም ከሜዳው ብዙ ገንዘብ እየሰበሰቡ ለተጫዋቾቻቸው እጃቸው የማይፈታ ሰው ናቸው እየተባሉ ይታሙ ነበር። የጆ ደመወዝ ለዓመቱ 6,000 ዶላር ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ተጫዋቹን ለአንድ ክለብ አስሮ የሚያስቀር ስለ ሆነ፣ ደመወዙ ያላረካው ሰው ወደ ሌላ ክለብ ልሂድ ማለት አይችልም። ያለው ምርጫ የተሰጠውን መቀበል ወይም መጫወቱን መተው ነው።

እንግዲህ ቁማርተኞች የገቡት በዚህ ስንጥቅ ነው። ቺክ ጋንዲል የተባለው የቡድኑ ተጫዋች ከቁማርተኞች ጋር ተዋውሎ፣ ኋይት ሶክስ ከሲንሲናቲ ጋር በሚያደርገው የዓለም ሻምፒዮና ሆን ብሎ እንዲሸነፍ ጓደኞቹን ማግባባት ጀመረ። ከኋላ ሆኖ ገንዘቡን ያቀረበው አርኖልድ ሮዝስታይን የተባለ የኒውዮርክ ቁማርተኛ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል፤ ነገር ግን በፍርድ ቤት አልተፈረደበትም። በምክሩ ውስጥ ስማቸው የተነሣው 8 ተጫዋቾች ናቸው። ለጆ 20,000 ዶላር እንደሚሰጠው ተነገረው። ይህ ከሦስት ዓመት ደመወዙ የሚበልጥ ነው። ከተሰጠው ተስፋ እጁ የገባው 5,000 ዶላር ብቻ ሲሆን፣ ያመጣለትም የቡድኑ ወርዋሪ ሌፍቲ ዊልያምስ ነበር። ጆ በኋላ በሰጠው ቃል እንደ ተናገረው ሚስቱ ኬቲ ነገሩን ባወቀች ጊዜ እጅግ ከፍቷት ነበር።

ግጥሚያው የሚያልቀው አንደኛው ቡድን 5 ጊዜ ሲያሸንፍ ነበር፤ ሲንሲናቲ 5 ለ 3 አሸነፈ። አሁን ጆ በዚያ ግጥሚያ ምን አደረገ ብለን ብንጠይቅ ነገሩ ይወሳሰባል። 12 የተሳካ ምት መታ። የመምታት መጠኑ 375 ሲሆን ከሁለቱም ወገን የሚበልጠው አልነበረም። በግጥሚያው ሁሉ ኳሷን ከአጥር ያሻገረ እርሱ ብቻ ነው። በሜዳው ላይም አንድ ስሕተት አልተጻፈበትም። ወዳጆቹ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን እያነሡ፣ ሊሸነፍ የፈለገ ሰው እንዴት እንዲህ ይጫወታል ይላሉ።

እኔም መጀመሪያ ነገሩን ሳነብ በዚህ ክርክር ረክቼ ነበር። ቍጥሮቹን ከፋፍሎ ለሚመለከት ግን ሌላ መልክ ይታያል። ቡድኑ በተሸነፈባቸው 5 ጨዋታዎች የጆ መጠን 286 ነው፤ ባሸነፈባቸው 3 ጨዋታዎች ግን 545 ነው። በመጀመሪያዎቹ 5 ጨዋታዎች በምቱ አንድም ነጥብ አላስገባም። ያስገባቸው 6 ነጥቦች ሁሉ የተገኙት በመጨረሻዎቹ 3 ጨዋታዎች ነው። ይህ ብቻውን ወንጀለኛ አያደርገውም፤ 8 ጨዋታ ጥቂት ነውና እንዲህ ያለ መለዋወጥ በአጋጣሚም ይደርሳል። ሆኖም 12 ምት መትቷልና ንጹሕ ነው ለሚሉት ሰዎች መልሱ ያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል።

ሐሜቱ ዓመት ሙሉ ሲናፈስ ቈይቶ በመስከረም 1920 በቺካጎ መርማሪ ጁሪ ተሰበሰበ። በመስከረም 28 ቀን በመጀመሪያ ወርዋሪው ኤዲ ሲኮት፣ ቀጥሎም ጆ ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። ጆ ከመቅረቡ በፊት ያማከረው ጠበቃ አልፍሬድ ኦስትሪያን ይባላል። ይህ ሰው ግን የጆ ጠበቃ አልነበረም፤ የሚስተር ኮሚስኪና የክለቡ ጠበቃ ነበር። ጆ ቃሉ በራሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብበት የሚፈቅድ ወረቀት ቀረበለትና ፈረመ። ከላይ እንዳልነው ይህ ሰው የፈረመውን ማንበብ አይችልም። ኬቲም በአጠገቡ አልነበረችም። በቃሉም 5,000 ዶላሩን መቀበሉን አመነ፤ ነገር ግን በጨዋታው ላይ ለማሸነፍ መጫወቱን ተናገረ።

ከፍርድ ቤቱ ሲወጣ አንድ ትንሽ ልጅ እየተማጠነ ነገሩ ሐሰት ነው እንዲለው ለመነው የሚል ወሬ በጋዜጦች ተጽፎ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ጆ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አልተደረገም እያለ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ክዷል። ወሬው ግን ከእውነተኛው ታሪክ ይልቅ ረዥም ዕድሜ አገኘ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ያ የ1920 ዓመት ከሕይወቱ ዓመታት ሁሉ ምናልባት የተሻለው መሆኑ ነው። 382 መጠን፣ 218 የተሳካ ምት፣ ወደ ሦስተኛው መቆሚያ ያደረሱ 20 ምቶች ነበሩት። ዕድሜው ገና 33 ነበር። ከዚያ በኋላ በትልቁ ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ አልተሰለፈም።

ጉዳዩ በ1921 በበጋ ለፍርድ ቀረበ። ከዚያ በፊት ተጫዋቾቹ የሰጡት ቃል የተጻፈበት ሰነድ ከመዝገቡ ጠፍቶ ተገኘ። ጁሪው በነሐሴ 2 ቀን ሁሉንም ነጻ ለቀቃቸው። ተጫዋቾቹ የደስታ ግብር ገብተው አደሩ። ደስታቸው ግን ከአንድ ሌሊት አላለፈም። የቤዝቦል ክለቦች ባለቤቶች የጨዋታውን ስም ለማዳን ሲሉ ኬንሶ ማውንቴን ላንዲስ የተባሉትን ዳኛ ሙሉ ሥልጣን ሰጥተው ኮሚሽነር አድርገው ሾመው ነበርና፣ ዳኛ ላንዲስ በማግሥቱ 8ቱም ለዘለዓለም ከጨዋታው እንዲወገዱ አዘዙ። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ምንም ይሁን ምን፣ ጨዋታ የሸጠም ሆነ ሲሸጥ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ዳግመኛ አይጫወትም ሲሉ ወሰኑ። በዚህ ፍርድ ባክ ዊቨር የተባለው ተጫዋች አንድ ሳንቲም ሳይቀበል፣ ምክሩን ሰምቶ ባለመናገሩ ብቻ ከሌሎቹ እኩል ተቀጣ።

ስለዚህ ውሳኔ የሰዎች አስተያየት ልዩ ልዩ ነው። በእኔ አስተያየት ዳኛ ላንዲስ ለዚያ ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ተመልካቹ የሚያየው ጨዋታ እውነተኛ መሆኑን ከተጠራጠረ የጨዋታው ነገር ያን ቀን አበቃ። ከዚያ ቅጣት በኋላ ቁማርተኞች በተጫዋቾች ደጅ መመላለሳቸው እጅግ ቀነሰ። ይህን ካልን ዘንድ ሌላውንም እንበል። በ1926 ታይ ኮብና ትሪስ ስፒከር ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጨዋታ አስቀድመው ተስማምተው ተጫውተዋል የሚል ክስ ቀረበባቸው። ዳኛ ላንዲስ መርምረው በ1927 መጀመሪያ ነጻ አወጧቸው። ዛሬ ሁለቱም በክብር አዳራሹ ውስጥ ናቸው። ሚስተር ኮሚስኪ በ1939፣ ዳኛ ላንዲስም በ1944 ገብተዋል። ዳኛ ላንዲስ በሥልጣን በቈዩባቸው ዘመናት ሁሉ አንድም ጥቁር ተጫዋች በትልልቆቹ ሊጎች እንዲጫወት አልተደረገም፤ በሩ የተከፈተው እርሳቸው ከሞቱ በኋላ፣ በ1947 በጃኪ ሮቢንሰን ነው። ጆሽ ጊብሰን የተባለው ታላቅ ጥቁር መቺ ያን ቀን ሳያይ በዚያው ዓመት በጥር ወር ሞቶ፣ ለአዳራሹ የተመረጠው በ1972 ነው። እንግዲህ ጠባይ ይመዘናል የሚለው ደንብ ለማን በየትኛው ሚዛን እንደ ተመዘነ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ጆ በ1924 ሚልዋኪ በምትባል ከተማ ሚስተር ኮሚስኪን ከሰሰ። ምክንያቱም በ1920 የ3 ዓመት ውል በየዓመቱ 8,000 ዶላር ሊከፈለው ፈርሞ ነበር፤ ክለቡ ግን በ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው የሚያስችል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ነበረ። ጆ የክለቡ ጸሓፊ ውሉን ሲያነብለት ይህ አንቀጽ እንደ ወጣ ነግሮኛል አለ። የጠፋው የ1920 ቃሉ ያን ጊዜ በኮሚስኪ ወገን ጠበቆች እጅ ተገኘና በፍርድ ቤቱ ቀረበበት። ጁሪው ለጆ ፈርዶ ከ16 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፈለው ቢወስንም፣ ዳኛው የአሁኑ ቃሉ ከቀድሞው ጋር አይስማማም ብለው በሐሰት ምስክርነት አሳሰሩት፤ የጁሪውንም ውሳኔ ሻሩት። ጆ ለአንድ ሌሊት ታስሮ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ጸጥ ያለ ነው። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች በየመንደሩ ከሚጫወቱ ቡድኖች ጋር አንዳንድ ጊዜ ይሰለፍ ነበር። በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ በሳቫና ከተማ የልብስ ንጽሕና መስጫ ከፍቶ ከኬቲ ጋር በደኅና ሠራ። በኋላም ወደ ግሪንቪል ተመልሶ የታሸገ መጠጥ የሚሸጥበት ሱቅ ያዘ። ልጅ አልወለዱም፤ የሰፈሩ ልጆች ግን በሱቁ ደጅ እየተሰበሰቡ አመታት ይማሩ ነበር። በ1934 የከተማው ከንቲባ በትንሹ ሊግ እንኳ እንዲሠራ ይፈቀድለት ብለው ለዳኛ ላንዲስ አመለከቱ፤ አልተፈቀደም።

አንድ ቀን ታይ ኮብ በዚያ ሲያልፍ ወደ ሱቁ ገባ ተብሎ ይተረካል። ጆ እንደ ማንኛውም ገዢ አስተናገደው እንጂ እንዳወቀው አላሳየም። ኮብ ተገርሞ ለምን እንዳላወቀው ቢጠይቀው፣ ጆ ደኅና አድርጎ እንዳወቀው፣ ነገር ግን ኮብ በሰው ፊት ከእርሱ ጋር መታየት የሚወድ መሆኑን እንዳልተማመነ መለሰለት። ታሪኩ እንዲህ እንዳለ እውነት ይሁን አይሁን የአገሩ ሰዎች የጆን ጠባይ ለማስረዳት ሁልጊዜ የሚያወሩት ይህን ነው።

በ1951 የሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት ስሙ እንዲታደስ ለቤዝቦል ባለሥልጣኖች የሚማጠን ውሳኔ አሳለፈ። መልስ አልተገኘም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 5 ቀን ጆ ጃክሰን በልብ ድካም በ64 ዓመቱ ሞተ።

በሕይወቱ ሳለ መራጮች ድምፅ እንዳይሰጡት የሚከለክል የተጻፈ ደንብ በአዳራሹ አልነበረም። ሆኖም በ1936ም በ1946ም ያገኘው ድምፅ 2፣ 2 ብቻ ነበር። በ1991 ፒት ሮዝ የተባለው ሌላ ዝነኛ ተጫዋች በቁማር ምክንያት ከተወገደ በኋላ፣ የተወገደ ሰው ከቶ እንዳይመረጥ ደንብ ወጣ፤ ይህም ጆን አብሮ ዘጋበት። ሮዝ በ2024 ከሞተ በኋላ የቤዝቦሉ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ በግንቦት 2025 ጆን፣ ሮዝንና ሌሎችን ሙታን፣ በጠቅላላው 17 ሰዎችን፣ ከተወገዱት ዝርዝር ውስጥ አወጧቸው። ምክንያቱም የሞተ ሰው ጨዋታውን ሊያበላሽ አይችልም የሚል ነው። አስተያየቱ ትክክል ነው፤ ዘግይቶ የመጣ መሆኑ ብቻ ያስደንቃል።

አሁን እንግዲህ ይመረጥ አይመረጥ የሚለው ጥያቄ ተከፍቷል። እንደ ተጫዋች ከተመዘነ የሚያጠያይቅ ነገር የለም። በ1,332 ጨዋታ 1,772 ምት መትቷል። የዕድሜ ልኩ መጠን 356 ሲሆን ይህ በጨዋታው ታሪክ ከታዩት እጅግ ከፍተኛ መጠኖች አንዱ ነው። 3,000 ምት ሳይሞላ የቀረው በ33 ዓመቱ ስለ ቆመ ነው። ስለ ሐቀኝነቱ ግን ንጹሕ ነው ብለው የሚከራከሩለት ወዳጆቹ የሚጠቅሙት አይመስለኝም። ገንዘቡን ተቀብሏል፤ ራሱም አምኗል። ያልተማረ ሰው በጠበቆች መካከል ተታልሎ ሊፈርም ይችላል፤ 5,000 ዶላር በፖስታ ሲቀበል ግን ምን እንደሚቀበል ያውቅ ነበር። እኔ የምመርጠው ብሆን ምስሉ እንዲሰቀል ድምፄን እሰጥ ነበር፤ ከምስሉ ሥርም የ1919ኙ ነገር አንዲት ቃል ሳትቀነስ እንዲጻፍ እጠይቅ ነበር። 30 ዓመት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ጨርሷል። አዳራሹም የመላእክት ቤት አለመሆኑን ከላይ አይተናል።

የግሪንቪል ሰዎች ምርጫውን አልጠበቁም። የኖረበትን ትንሽ ቤት ከከተማው የቤዝቦል ሜዳ አጠገብ አዛውረው በ2008 ሙዚየም አድርገውታል፤ የቤቱም ቍጥር 356 ነው። በ1989 ስለ እርሱ ያወሳ ዝነኛ ፊልም ደግሞ ግራኙን ጆን በቀኝ እጁ ሲመታ አሳይቶታል፤ ይህን አሜሪካውያን ይቅር ያሉት አይመስሉም።

ከ1980 በፊት ስለ ተጫወቱ ሰዎች የሚመክረው የአዳራሹ ኮሚቴ ቀጠሮው ለዲሴምበር 2027 ነው። ኮሚቴው 16 አባሎች አሉት። የጆ ስም ለምርጫ ከቀረበ የሚያስፈልገው 12 ድምፅ ነው፤ እስከ ዛሬ ያገኘው በጠቅላላው 4 ነው።